ከ«ሀ» እስከ «ረ» ስንል ማን ውጭ ቀረ? የአንድ ቤተ መጻሕፍት ቆጠራ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአንድ የክልል ከተማ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ያጋጠመንን ጉዳይ ይመዘግባል። የኮሌጁንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል እንደ ሁልጊዜው ቆጠራ ተደረገ። ሶፍትዌሩ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት ጎድለዋል ብሎ ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ንብረት ክፍል ደረሰ። ንብረት ክፍል ደግሞ ምድር ቤት ያለውን መደርደሪያ የሚጠብቀውን ወጣት ሠራተኛ ጠርቶ ዕዳ ሊያስብበት ተነሣ። መጻሕፍቱ ግን የትም አልሄዱም። መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ።

ብዙ ቤተ መጻሕፍት አሁን ከካርድና ከባሕር መዝገብ ወደ ሶፍትዌር እየገቡ ነው። የሚያነቧቸው መመሪያዎች ምሳሌ የሚሰጡት በላቲን ፊደል ነው። የእኛ ችግር የመጣው ከፊደላችን ጠባይ ነበር። ሌላው ቤት ሳይነካው በፊት ቢያውቀው ብዬ ነው የምጽፈው።

## ዳራ

ቤተ መጻሕፍቱ ትንሽ ነው። ፎቁ ላይ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አሉ። ምድር ቤቱ የአማርኛና የሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች ክፍል ነው። ሥራው ለረጅም ዓመታት በባሕር መዝገብና በካርድ ሲካሄድ ቆየ። ከዚያ ባሕር መዝገቡ ወደ ኤክሴል ተገለበጠ። ከኤክሴል ደግሞ ወደ ኮሃ ገባ።

ኮሃ በነጻ የሚገኝ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በአገራችንም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። ገንዘብ ለሌለው ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

መጻሕፍቱ የተመደቡት በዲዊ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ይህ ሥርዓት እውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ይከፋፍላል። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። የአማርኛ ቋንቋ 492.87 ላይ ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ደግሞ 892.87 ላይ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ 820ዎቹን በሙሉ ይዞ ተዘርግቷል። የእኛ ሥነ ጽሑፍ ግን ከነጥብ በኋላ ባለች አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው። ልብ ወለዱም፣ ግጥሙም፣ ተውኔቱም መደርደሪያው ላይ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቁጥር ለጥፎ ይቆማል። ስለዚህ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የዲዊ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግርም። መጽሐፉን ከመጽሐፍ የሚለየው ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው የደራሲ ምልክት ነው።

እኛ የምንጽፈው የደራሲውን ስም የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት ነው። በአባት ስም ሳይሆን በራሱ ስም። የደራሲው ስም ኃይሉ ከሆነ ኮል ነምበሩ፣ ማለትም መጽሐፉ ጀርባ ላይ የሚለጠፈው የቦታ ምልክት፣ «892.87 ኃይሉ» ይሆናል። ዓለማየሁ ከሆነ «892.87 ዓለማ»።

መደርደሪያውን ለብዙ ዓመታት ያደራጁት አንድ አንጋፋ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ መጻሕፍቱን የሚደረድሩት በድምፅ ነበር። ኃይሉም፣ ሀይሉም፣ ኀይሉም «ሀ» ጋ ይሄዳል። ዓለማየሁና አለማየሁ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ተማሪውም የሚፈልገው እንደዚያ ነው። ይህ ልማድ የትም አልተጻፈም። ጋሼ ጭንቅላት ውስጥ ነበር።

## ችግሩ እንዴት ታየ

ኮሃ ውስጥ የቆጠራ ገጽ አለ። ከዚህ ኮል ነምበር እስከዚህ ኮል ነምበር ብለው ሲሞሉለት በዚያ ክልል ውስጥ ሊኖሩ የሚገባቸውን መጻሕፍት ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ሠራተኛው መደርደሪያው ላይ ያሉትን ባርኮዶች በስካነር ያነባል። ፋይሉን ይጭናል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ያስተያያል። ዝርዝሩ ውስጥ ኖሮ ያልተነበበውን «ጎድሏል» ይላል። ተነቦ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ደግሞ «በማይገባው ቦታ ተገኘ» ይላል።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከ892.87 እስከ 892.87 ብሎ መሙላት ነበር። የወጣው ዝርዝር በጣም አጭር ነው። የደራሲ ምልክት ያልተጻፈባቸው ጥቂት መጻሕፍት ብቻ መጡ። ያኔ ነገሩ ሊያነቃን ይገባ ነበር። እኛ ግን «ፊደል ይፈልጋል ማለት ነው» ብለን አለፍነው።

የቆጠራ ኮሚቴው ሥራውን ለሦስት ቡድን ከፈለ። ለመጀመሪያው ከ«ሀ» እስከ «ረ»፣ ለሁለተኛው ከ«ሰ» እስከ «አ»፣ ለሦስተኛው ከ«ከ» እስከ «ፐ»። በሀ ሁ ተራ የተከፈለ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ሦስቱም ቡድኖች በየፊናቸው አንብበው ጨረሱ።

ውጤቱ ሲወጣ ሁለቱም ዓይነት መልእክት ዝናብ ሆነ። «ጎድሏል» የሚለው ብዙ ነው። «በማይገባው ቦታ ተገኘ» የሚለው ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ኮሚቴው የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በቆጠራ ቋንቋ የሚፈራው ጉድለት እንጂ የቦታ መዛባት አይደለም። ዝርዝሩ ታትሞ ተፈረመበት።

የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው በቅን ልቦና ዝርዝሩ ላይ ያሉትን መጻሕፍት ሁሉ ሲስተሙ ውስጥ በአንድ ጊዜ «ጠፍቷል» አደረጋቸው። ተማሪዎች ካታሎግ ላይ ፈልገው «ጠፍቷል» የሚል እያዩ ተመለሱ። መጽሐፉ ግን ከተቀመጡበት ወንበር ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነበር። ለእኔ ከዕዳው ጉዳይ እኩል ያመመኝ ይህ ነው።

## ምክንያቱን ፍለጋ

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቋም ግልጽ ነበር። «ኮምፒውተሩ የለም ካለ የለም ነው» አሉ። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ዝርዝሩን ተቀብለው ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ከላይ የተጻፈውን የመጀመሪያ መጽሐፍ በሁለት እጃቸው ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይኸው» አሉ። ሁለተኛውንም አመጡ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ኃላፊው «ይብቃ፣ እናጣራው» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ለእኔ፣ ለጋሼና ለወጣቱ ሠራተኛ ተሰጠን። መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። አንድ መደርደሪያ መርጠን የመጻሕፍቱን ጀርባ ከግራ ወደ ቀኝ እያነበብን ኮል ነምበሩን ወረቀት ላይ ጻፍን። በጎኑ ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን ተራ አተምን። ሁለቱ ወረቀቶች ሲቀመጡ ችግሩ ራሱን አሳየ።

አንደኛው የክልሉ መጨረሻ ነው። ሶፍትዌሩ ከእያንዳንዱ ኮል ነምበር በስውር የሚሠራው የመደርደሪያ ቁልፍ አለ። ክልሉን የሚፈትሸው በዚያ ቁልፍ ነው። «እስከ ረ» ስንለው የሚያነበው «ረ» የምትለዋን አንዲት ፊደል ብቻ ነው። «ረታ» ከ«ረ» በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ውጭ ቀረ። ሩት፣ ራሔል፣ ሮማን ሁሉም ውጭ ቀሩ። ቀጣዩ ቡድን የሚጀምረው ደግሞ ከ«ሰ» ነው። የ«ረ» ቤተሰብ በሙሉ የማንም አልሆነም።

በ«ረ» ቢበቃ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ቡድን የሚያበቃው «አ» ላይ ነው። የአማርኛን ስም የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አበበ፣ አስቴር፣ ኢሳያስ፣ ኤልያስ፣ እሸቱ። ከመደርደሪያው ሁሉ ትልቁና የተጨናነቀው ቤተሰብ ከሦስቱም ዝርዝሮች ውጭ ሆነ። ሠራተኞቹ በእጃቸው እያነበቡት ሶፍትዌሩ «በማይገባው ቦታ ተገኘ» ይላቸው ነበር።

ይህ ስህተት በላቲን ፊደልም ይደርሳል። እኛ ዘንድ ግን ድርብ ነው። እኛ «መ» ስንል በአፋችን መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ ማለታችን ነው። ሰባቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ለኮምፒውተር ግን ሰባቱ ሰባት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ከመ እስከ መ» ብሎ ማሞንና ሙሉጌታን የሚጠብቅ ሰው አያገኛቸውም።

ሁለተኛው ምክንያት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት በጋራ ወደሚጠቀሙበት የቁጥር ሠንጠረዥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ተራው የሀ ሁ ተራ ነው፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ሀ ሁ ውስጥ ኀ የምትገኘው ከቸ በኋላ ነው። ሠ ከረ በፊት፣ ሰ ከረ በኋላ ናቸው። ዐ ከወ ቀጥሎ ናት። ጋሼ በድምፅ ያስጠጓቸውን መጻሕፍት ሶፍትዌሩ በፊደል በታትኗቸዋል።

አንድ መጽሐፍ እንከተል። «892.87 ኃይሉ» መደርደሪያው ላይ ያለው ከ«ሀይሉ» ጎን ነው። ስለዚህ ያነበበው የመጀመሪያው ቡድን ነው። በሶፍትዌሩ ተራ ግን ኀ የሁለተኛው ቡድን ክልል ውስጥ ናት። ለመጀመሪያው ቡድን «በማይገባው ቦታ ተገኘ» ተባለ። ለሁለተኛው ቡድን «ጎድሏል» ተባለ። ያው አንድ መጽሐፍ ነው። «ዓለማየሁ»ም እንዲሁ በሁለተኛና በሦስተኛ ቡድን መሀል ተሰነጠቀ። «ሥዩም» በመጀመሪያና በሁለተኛ መሀል። ጸና ፀ ግን ጎረቤት ስለሆኑ አንድ ክልል ውስጥ ወደቁ፤ ምንም ጉድለት አላሳዩም። ሀና ሐም ሁለቱም የመጀመሪያው ቡድን ስለሆኑ ዝም አሉ። ስህተቱ ሁሉ ቦታ ላይ እኩል ባለመታየቱ ነው ለመለየት የቸገረን።

ሌሎች ትናንሽ ምክንያቶችም ነበሩ። ድሮ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት የቆዩ የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራሞች የተተየቡ መዝገቦች ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ ገብተዋል። ስክሪኑ ላይ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆነው ነው የሚታዩት፤ ተራቸውም ከ«ሀ» በፊት ነው። ከውጭ ካታሎግ የተቀዱ አንዳንድ መዝገቦች ደራሲውን በአባቱ ስም አስቀምጠውታል። ጥቂቶቹ ደግሞ በማዕረግ ይጀምራሉ፤ «አባ»፣ «አለቃ»፣ «ዶ/ር» የሚል ምልክት ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል። ኤክሴልም የራሱን አድርጓል፤ 005 የነበረውን የኮምፒውተር ክፍል ቁጥር ዜሮዎቹን በልቶ 5 አድርጎታል። የፕሮግራሚንግ መጻሕፍቱ ሄደው ከ500ዎቹ ሳይንስ ሰፈር ገብተዋል።

## ሞክረን ያልሆነልን

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ የክልሉን መጨረሻ ወደ ሳብዕ መግፋት ነበር። «እስከ ረ» የሚለውን «እስከ ሮ» አልነው። ሩትና ራሔል ገቡ። ሮማን ግን አሁንም ውጭ ናት። ችግሩን አንድ እርምጃ ገፋነው እንጂ አልፈታነውም።

ከዚያ ችኮላ ገባን። ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውጥተን «ኃ»ን በ«ሀ»፣ «ሠ»ን በ«ሰ» በአንድ ጊዜ ለመተካት ሞከርን። ኤክሴል የተነገረውን አደረገ። የኮል ነምበሩን ብቻ ሳይሆን የመጽሐፉን ርእስና የደራሲውን ስም ጭምር ለወጠ። በዜሮ የሚጀምሩ ባርኮዶችም ዜሯቸውን አጡ። ደግነቱ ጠዋት የተወሰደ ባክአፕ ነበረን። መልሰን ጫንን። አንድ ሙሉ ቀን ባከነ።

ሦስተኛው ሙከራ የደራሲ ምልክቱን ወደ ላቲን ፊደል መቀየር ነበር። አንድ ባልደረባችን «ፎቅ ያለው እንግሊዝኛ ነው፣ ምድር ቤቱም አንድ ይሁን» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ መደርደሪያ ላይ ሞከርነው። ተስፋዬና ጥላሁን በአንድ ፊደል ሥር ተደባለቁ። ጸሐይን ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ጻፋት። አንዲት ተማሪ መጥታ «ጸ የት ነው?» ስትል የሚመልስላት አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ተውነው። አሁንም ቢሆን የአማርኛ መጽሐፍ ጀርባ በአማርኛ ፊደል መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ።

## የወሰድናቸው እርምጃዎች

በቅድሚያ ጉዳቱን አቆምን። «ጠፍቷል» የተባሉት ሁሉ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። ለንብረት ክፍል ደግሞ ዝርዝሩ በማጣራት ላይ መሆኑን በጽሑፍ አሳወቅን። ይህ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ወጣቱን ሠራተኛ እንቅልፍ እንዲተኛ አደረገው።

ቀጥለን የሦስቱን ቡድኖች የባርኮድ ፋይል አንድ ላይ አደረግን። ክልሉን ከ892 እስከ 893 ሰፋ አድርገን አንድ ጊዜ አስተያየነው። አንዱ ቡድን «ጎድሏል» ያለው ሌላው ቡድን አንብቦት ስለነበር አብዛኛው የጉድለት ዝርዝር እዚያው ጠፋ። የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱ እውነትም አልተገኙም። ከእነሱም መካከል በመምህራን እጅ የቆዩ ነበሩ።

«እንግዲያው በፊደል መከፋፈል ለምን አስፈለገ?» ብሎ የጠየቀን ሰው ነበር። ጥያቄው ልክ ነው። ሁሉን በአንድ ጊዜ መቁጠር ከተቻለ ሰፊው ክልል ይበቃል። ነገር ግን እንዲያ ለመቁጠር ቤቱ መዘጋት አለበት። በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍት አይዘጋም። ክልሉን በፊደል ከፋፍሎ በየሳምንቱ አንድ ቤተሰብ መቁጠር ይቻላል። ከዚያም በላይ ቦታውን የሳተ መጽሐፍ የሚገኘው ጠበብ ባለ ክልል ነው። ስለዚህ ክልሉን አልተውነውም፤ በትክክል ሠራነው።

ለዚያ መጀመሪያ የአጻጻፍ ደንብ ያስፈልግ ነበር። ከሁሉ ረጅሙ ውይይት ይህ ነው። የእኔ ሐሳብ ኮል ነምበር ላይ ተመሳሳይ ድምፆችን አንድ ማድረግ ነበር። ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ኃ፣ ሓ ሁሉ «ሀ»። ሠ «ሰ»። ዐ፣ ዓ፣ ኣ «አ»። ፀ «ጸ»። ጋሼ ተቃወሙ።

«ዓለም በዐይኑ ዐ ነው የሚጻፈው» አሉ። «እናንተ በአልፋው አ ጽፋችሁ ጀርባው ላይ ስትለጥፉ ተማሪው ያንን ነው የሚማረው። ሥላሴን በእሳቱ ሰ ልታስጽፉ ነው?»

ጋሼ ያሉት ነገር ክብደት አለው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ተብለው ስም የወጣላቸው በከንቱ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የአጻጻፍ ትዝታ የሚጠበቅበት ቦታ ነው። ሁለት ቀን ተነጋግረን አንድ ቦታ ደረስን። መዝገቡ ላይ የደራሲው ስምና ርእሱ መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው ይቀመጣል። አንዲት ፊደል አትነካም። ደንቡ የሚሠራው ለኮል ነምበሩ የደራሲ ምልክት ብቻ ነው። ያ ምልክት የስም አጻጻፍ ሳይሆን የቦታ ምልክት ነው። ጋሼ በዚህ ተስማሙ። ደንቡን በራሳቸው እጅ ጽፈው ጠረጴዛው ላይ የለጠፉትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያ የስም ደንብ ጨመርን። ደራሲ የሚገባው በራሱ ስም ነው፤ ማዕረግ አይቆጠርም። የኢትዮጵያ ስም የቤተሰብ ስም የለውምና ተገልብጦ አይጻፍም። በማርክ መዝገብ፣ ማለትም የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮች የመጽሐፍ መረጃ በሚይዙበት የጋራ ቅርጽ፣ የደራሲው መስክ 100 ነው። የመጀመሪያ አመልካቹ 0 ሲሆን ስሙ በራስ ስም የሚጀምር መሆኑን ያሳያል፤ 1 ከሆነ የቤተሰብ ስም ነው ማለት ነው። ከውጭ የተቀዱትን በዚህ አመልካች እየፈለግን አስተካከልን።

ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ኃይለ የሚሉ ስሞች የተለየ ሥራ ጠየቁ። ሦስት ፊደል ብቻ ከወሰድን ገብረማርያምም ገብረሥላሴም «ገብረ» ነው። አንዱ ካታሎገር «ገብረ ማርያም» ብሎ ከፍሎ፣ ሌላው «ገብረማርያም» ብሎ ገጥሞ ሲጽፍ ደግሞ ክፍተቷ ራሷ ተራውን ታዛባለች። እንዲህ ላሉት ስሞች ያለ ክፍተት አምስት ፊደል እንዲወሰድ ወሰንን። «ገብረማር» እና «ገብረስላ» አሁን ይለያያሉ።

እርማቱን ሶፍትዌሩ ውስጥ በራሱ የጅምላ ማስተካከያ ገጽ ሠራን፤ በኤክሴል አልነበረም። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያደረግን ውጤቱን አየን። የምደባ ምንጩ፣ ማለትም መጽሐፉ በየትኛው ሥርዓት እንደተመደበ የሚጻፍበት ቦታ፣ ባዶ የሆነውን ሁሉ ዲዊ አልነው፤ ይህ ካልተሞላ የመደርደሪያ ቁልፉ በሌላ ስሌት ሊሠራ ይችላል። በመጨረሻ ቁልፎቹ በሙሉ እንደገና እንዲሠሩ አዘዝን።

ረጅሙ ሥራ ግን መለጠፍ ነበር። ሲስተም ላይ የተቀየረ ኮል ነምበር መጽሐፉ ጀርባ ላይ ካልተቀየረ ምንም ዋጋ የለውም። ሠራተኛውና ሁለት ተማሪዎች ክረምቱን ሙሉ ሌብል ሲያትሙና ሲለጥፉ ከረሙ። ይህን ጊዜ አስቀድመን አላሰብነውም። ማሰብ ነበረብን።

## አዲሱ ክልል

አሁን ክልል የሚያበቃው በሚቀጥለው ቤተሰብ የመጀመሪያ ፊደል ነው። ከ«892.87 ሀ» እስከ «892.87 ሰ»። ከ«892.87 ሰ» እስከ «892.87 አ»። ከ«892.87 አ» እስከ «892.87 ከ»። የመጨረሻው ከ«892.87 ከ» እስከ «893»። «እስከ ሰ» ሲባል «ሰ» ብቻዋን የተጻፈችበት መጽሐፍ ካልኖረ በቀር ከሰ ቤተሰብ ማንም አይገባም። የረ ቤተሰብ ግን በሙሉ ይገባል። ክፍተት የለም።

አ ብቻዋን አንድ ቡድን ሆነች። ቀድሞ የፊደላቱን ብዛት እንጂ የመጻሕፍቱን ብዛት አላየንም ነበር። ጰና ፐ ላይ ያለው እፍኝ የማይሞላ ነው። አ ላይ ያለው ግን መደርደሪያ አልፎ ይሄዳል።

963 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አገኘን። እዚያ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ታሪክ መጻሕፍት አንድ ቁጥር ይጋራሉ። በኮምፒውተር ተራ የላቲን ፊደል ከግእዝ ፊደል ይቀድማል። ስለዚህ ከ963 እስከ 964 ስንል ሁለቱም ይመጣሉ፤ እንግሊዝኛው ቀድሞ አማርኛው ተከትሎ። ከ«963 ሀ» እስከ «963 ፐ» ብሎ የጀመረ ሰው ግን እንግሊዝኛውን ሁሉ ትቶታል። 963.06 የመሰሉትንም አያገኛቸውም።

የመደርደሪያ ጫፍ ላይ ያለውን ምልክትም ቀየርነው። «መ» ብቻ ይል የነበረው አሁን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ምልክት ይጽፋል፤ ለምሳሌ «መላኩ – ሞገስ»። ተማሪዎች ይህን ወዲያው ወደዱት።

## ለሌላ ቤት የሚጠቅም

ሶፍትዌር የምትጀምሩ ከሆነ መረጃ ከማስገባታችሁ በፊት መደርደሪያውን ለዓመታት ያደራጀውን ሰው አስቀምጣችሁ ጠይቁ። የማይጻፈው ደንብ እሱ ዘንድ ነው። እኛ ጋሼን የጠየቅናቸው ከጥፋቱ በኋላ ነው።

ክልል ስትሞሉ ጫፎቹን ፈትሹ። እያንዳንዱ ክልል የሚያበቃበት ቦታ ላይ ያሉ ሦስት አራት መጻሕፍት ከመደርደሪያ አንሡና ዝርዝሩ ውስጥ መኖራቸውን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ መጽሐፍ በአንዱ ቡድን «ጎድሏል»፣ በሌላው «በማይገባው ቦታ ተገኘ» ከተባለ የጠፋው መጽሐፍ ሳይሆን የክልሉ አከፋፈል ነው። ሁለቱን ዝርዝር ሳታስተያዩ የማንንም ስም አትጥሩ። ዝርዝሩ በእግር ተሄዶ መደርደሪያ ላይ ሳይረጋገጥ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት አይደረግ። ደመወዝ ላይ የሚደርስ ነገር ነው።

ኮል ነምበር ኤክሴል ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ዓምዱን አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። ባርኮዱንም እንዲሁ።

## ገና ያልጨረስነው

የፊደል ደንባችን ለአማርኛ ብቻ ነው። ይህን ያስተማረን ትግርኛ ተናጋሪ የሆነ አንድ መምህር ነው። የትግርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.83 ላይ ነው። እኛ ደንቡን እዚያም ልናወርደው ተዘጋጅተን ነበር። መምህሩ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ሁለት ቃል አነበበልን። በትግርኛ ሀና ሐ አንድ ድምፅ አይደሉም፤ አና ዐም እንዲሁ። አንድ ብናደርጋቸው በጆሮ የሚለየውን በእጃችን ልናደባልቅ ነበር። ሠና ሰ፣ ጸና ፀ ግን እዚያም አንድ ናቸው አለን። በቁቤ የተጻፉት የአፋን ኦሮሞ መጻሕፍት ደግሞ 893.55 ላይ በላቲን ፊደል ተራ ይሄዳሉ፤ የክልል መጨረሻው ጥንቃቄ ግን ለእነሱም ያው ነው።

ለትግርኛው መደርደሪያ የራሱ ደንብ እስኪጻፍ ድረስ በፊደል አልከፈልነውም። ከ892.83 እስከ 892.84 ብለን በአንድ ሰው እጅ በአንድ ጊዜ ነው የምንቆጥረው። ደንቡን መምህሩና ጋሼ አብረው እየጻፉት ነው፤ እስካሁን የተግባቡት እስከ በ ድረስ ነው።